ቤይ ሲቲ ሮለርስ፦ ዝናው የእነሱ፣ ገንዘቡ የማን?

ሸክላ ሰብሳቢ (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ስለ 1970ዎቹ የብሪታንያ ፖፕ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር የኤደንብራዎቹ ቤይ ሲቲ ሮለርስ ስም የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ለፌዝ ነው። ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ የቀረው ሱሪያቸው፣ ጠርዙ ላይ የተሰፋው የስኮትላንድ መስመራማ ጨርቅ፣ በእጅ አንጓ ላይ የታሰረው ሻርፕና እየጮኹ ራሳቸውን የሚስቱት ኮረዶች ይነሡና ጨዋታው እዚያው ያበቃል። እኔ ግን ይህ ባንድ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ። ዘፈኖቹ ሁሉ ታላላቅ ናቸው ለማለት አይደለም፤ የወጣት ወንዶች የፖፕ ባንድ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሸጥና በመጨረሻም እንዴት እንደሚራቆት ከዚህ ባንድ በላይ የሚያሳይ ስለማላውቅ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ባንዱን በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤደንብራ ውስጥ የመሠረቱት አለን ሎንግሚዩርና ወንድሙ ዴሪክ ናቸው፤ አለን ቤዝ ጊታር፣ ዴሪክ ድራም ይጫወቱ ነበር። መጀመሪያ ሳክሰንስ ይባሉ የነበሩት ልጆች አሜሪካዊ ቃና ያለው ስም ፍለጋ በአሜሪካ ካርታ ላይ ሹል ነገር ወረወሩ። በመጀመሪያው ውርወራ የተገኘው አርካንሶ አልጥም ስላላቸው ደግመው ቢወረውሩ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ቤይ ሲቲ ላይ አረፈ ይባላል። በ1971 በድምፃዊው ኖቢ ክላርክ የተዘፈነው «ኪፕ ኦን ዳንሲንግ» በብሪታንያ ሰንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ያህል ምንም የረባ ነገር አልመጣም። ክላርክ ወጥቶ ሌስ ማኪዮን በ1973 መጨረሻ ሲተካ፣ ኤሪክ ፎክነርና ስቱዋርት ዉድ በጊታር ሲጨመሩ፣ ሁሉም የሚያውቀው የአምስቱ ስብስብ ተሟላ። በ1974 ብቻ አራት ነጠላ ዜማዎች እስከ 6ኛ ባለው ደረጃ ውስጥ ገቡ። በ1975 «ባይ ባይ ቤቢ» ለስድስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየና የዚያ ዓመት በብሪታንያ ከፍተኛው ተሻጭ ነጠላ ዜማ ሆነ። በጥር 1976 ደግሞ «ሳተርዴይ ናይት» በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ፈጣን ነበር።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ «የባንዱ ሥራ» ልንለው የምንችለው የቱ ነው? በመጀመሪያዎቹ ዜማዎች ላይ ከድምፃዊው በቀር መሣሪያ የተጫወቱት የስቱዲዮ ቅጥረኛ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ግጥምና ዜማው የቢል ማርቲንና የፊል ኮልተር ነው፤ አለባበሱንም ሆነ የአደባባይ ጠባዩን የሚቆጣጠረው ማናጀሩ ታም ፓተን ነበር። ለአምስቱ ልጆች የቀረላቸው ፊታቸው ብቻ ይመስላል።

የማታ አድማጭ

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ከዚህ ባንድ በላይ» የሚለውን ለመቀበል እቸገራለሁ። አሜሪካኖቹ መንኪስ በ1966 ለቴሌቪዥን ተከታታይ ተብለው የተሰበሰቡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ በሸክላዎቻቸው ላይ መሣሪያ እንዳይጫወቱ ተደርገው እንደነበርም የታወቀ ነው። እንግዲህ ፊትን ከድምፅ፣ ድምፅን ከመሣሪያ የመለየቱ ሥራ የተጀመረው ኤደንብራ አይደለም። ሮለርስን የሚለያቸው ምንድን ነው?

ሸክላ ሰብሳቢ

የሚለያቸው መነሻቸው ነው። መንኪስ በጋዜጣ ማስታወቂያና በፈተና የተመረጡ ተዋንያን ነበሩ፤ የገቡበትን ሥራ ቢያንስ በስሙ ያውቁታል። ሮለርስ ግን የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ወንድማማቾች የመሠረቱት፣ በየጭፈራ ቤቱ ለዓመታት የተጫወተ እውነተኛ ባንድ ነው። አለን ሎንግሚዩር ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ቀን ቧንቧ እየሠራ ማታ ቤዝ ይጫወት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ባንድ ወስዶ በራሱ ሸክላ ላይ እንዳይጫወት ማድረግ፣ ከባዶ ባንድ ከመፍጠር የከፋ ነው እላለሁ። በ1976 አለን ራሱ ባንዱን ለቆ የወጣበት አንዱ ምክንያት ዕድሜው ነበር፤ በ1948 የተወለደ ሰው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ጣዖት ሆኖ መኖር ከብዶት ነበር። የመሠረተው ባንድ ከእሱ ዕድሜ ጋር የማይሄድ ሸቀጥ ሆኖበታል ማለት ነው።

ባለ ቤዝ

ቅጥረኛ ሙዚቀኛን በተመለከተ ነገሩን ማጋነን ተገቢ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የለንደን ስቱዲዮ በሰዓት ነው የሚከፈልበት፤ ኖታ አንብቦ በአንድ ጠዋት ሦስት ዘፈን ጨርሶ የሚወጣ ጊታሪስት እያለ፣ ልምድ የሌላቸውን ልጆች ቀኑን ሙሉ ማለማመድ ለፕሮዲዩሰር ኪሳራ ነው። ማርቲንና ኮልተርም ለሮለርስ ብለው አዲስ ክፋት የፈጠሩ ሰዎች አይደሉም፤ በ1967 በዩሮቪዥን ላሸነፈችው ሳንዲ ሾው «ፐፔት ኦን ኤ ስትሪንግ»ን የጻፉ፣ ዘፈንን እንደ ዕለት ሥራ የሚያዩ ባለሙያዎች ናቸው።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጆቹ ከማርቲንና ከኮልተር ጋር ተለያይተው ከፊል ዌይንማን ጋር መሥራት ሲጀምሩ ራሳቸው የመጫወት ዕድል አገኙ፤ ፎክነርና ዉድም መጻፍ ጀመሩ። «መኒ ሃኒ» የሁለቱ ድርሰት ነው፤ በብሪታንያ 3ኛ፣ በአሜሪካ 9ኛ ደርሷል። ዘፈኑን ዛሬ በጥሩ ማዳመጫ የሰማ ሰው የሚያገኘው የተጠረበ የፖፕ ጣፋጭነት ሳይሆን ሻከር ያለ ጊታርና ወደፊት የሚገፋ ድራም ነው። «ፊታቸው ብቻ» የሚለው ፍርድ እንግዲህ ከ1974 በኋላ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። በ«ሳተርዴይ ናይት» ላይ የቀኑን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ የሚጮኹበት መግቢያ ከሙዚቃ ይልቅ የኳስ ሜዳ ጩኸት ነው፤ ያንን ለመጫወት ባለሙያ አያስፈልግም፤ ለማሰብ ግን ያስፈልጋል። ያሰቡት ደግሞ ማርቲንና ኮልተር ናቸው።

ከኤደንብራ

ስለ ታርታን፣ ማለትም በሱሪያቸው ጠርዝ ላይ ስለተሰፋው መስመራማ ጨርቅ፣ ጥቂት ልጨምር። ከስኮትላንድ ውጭ ላለ ሰው ጨርቁ የአገር ምልክት ነው፤ እዚህ ግን በዚያ ዘመን የሠርግ ቀሚስ፣ የወታደር ዩኒፎርምና ለቱሪስት የሚሸጥ ብስኩት ቆርቆሮ ላይ የሚታይ ነገር ነበር፤ የከተማ ወጣት በፈቃዱ የሚለብሰው አልነበረም። ሮለርስ ያንን ጨርቅ ከአያቶች ሳጥን አውጥተው በርካሽ ሱሪ ጠርዝ ላይ ሰፉት። ልብሱን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም ነበር፤ እናት ያላት መርፌና የአሮጌ ሻርፕ ቁራጭ ይበቃል። ደጋፊዎቹ ከላይ እስከ ታች እንደ ባንዱ ለብሰው በየአዳራሹ የመጡት ለዚህ ይመስለኛል፤ የለንደኑን ዘፋኝ የዴቪድ ቦዊን ልብስ እቤት ሰፍቶ መልበስ አይቻልም፤ የሮለርስን ግን ይቻላል።

የጩኸቱን መጠን ለመረዳት ደግሞ ግንቦት 1975 በማሎሪ ፓርክ የሆነውን ማንበብ ይበቃል። ሌስተርሺር ውስጥ ያለ የመኪና ውድድር ሜዳ ነው፤ የቢቢሲ ራዲዮ 1 የመዝናኛ ቀን ነበር፤ ባንዱ በሜዳው መካከል ባለው ሐይቅ ደሴት ላይ ተቀምጦ ነበር። አዘጋጆቹ ውኃው አጥር ይሆንልናል ብለው ይሆናል ያንን ቦታ የመረጡት። ልጆቹ ግን የውድድሩን መንገድ አቋርጠው ከነልብሳቸው ውኃው ውስጥ ገቡ፤ እየተጎተቱ የወጡትም ጥቂት አልነበሩም። በዕለቱ የነበረው የራዲዮ አቅራቢ ጆን ፒል ያንን ትዕይንት ለዓመታት እየሳቀ ያወራው ነበር።

ሕግ አዋቂው

የክሩ ርእስ «ገንዘቡ የማን» ስለሚል ወደዚያው ልመለስ።

ባንዱ የተፈራረመው ቤል ሬከርድስ ከሚባል አሳታሚ ጋር ነበር፤ ቤል በ1970ዎቹ አጋማሽ በክላይቭ ዴቪስ መሪነት አሪስታ ሆነ፤ አሪስታም ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገረ በመጨረሻ የሶኒ ንብረት ሆነ። በየዝውውሩ የሸክላዎቹ ባለቤትነት አብሮ ሲጓዝ የሮያሊቲው (ከሽያጩ ለባንዱ የሚገባው ድርሻ) ክፍያ ግን አልተከተለም። ባንዱ ሸጠ የሚባለው የሸክላ ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ጋዜጦች ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ይላሉ። ይህን አኃዝ በሒሳብ መዝገብ የተረጋገጠ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ክርክሩም በከፊል የተነሣው አስተማማኝ ሒሳብ ባለመቅረቡ ነው።

በ2007 ስድስት የቀድሞ አባላት አሪስታን ኒው ዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስድስት የሆኑት ከአምስቱ በተጨማሪ ማኪዮን ከሄደ በኋላ የገባው ደቡብ አፍሪካዊው ድምፃዊ ደንከን ፎር ስላለ ነው። የኩባንያው ዋነኛ መከላከያ ይርጋ ነበር። በኒው ዮርክ ሕግ የውል ክስ በስድስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ከሳሾቹ ደግሞ የሚጠይቁት ከሠላሳ ዓመት በፊት የጀመረ ሒሳብ ነው። ሰው ገንዘቡን ያልጠየቀው ስለተኛ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ገና በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ማናጀሩ የሰጠውን ወረቀት ፈርሞ በየአገሩ ሲዞር፣ የራሱ ጠበቃ ሳይኖረው፣ ሒሳብ መርማሪ መላክ እንደሚችል እንኳ ሳይነገረው ከቆየ፣ ይርጋው የጀመረው መብቱን ባወቀበት ቀን ነው ወይስ ባልተከፈለበት ቀን የሚለው ጥያቄ ከባድ ይሆናል። ክሱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ተጓትቶ በ2016 በስምምነት ተዘጋ። ስምምነት ማለት ደግሞ ፍርድ ቤቱ ማን ስንት በላ የሚለውን ሳይወስን ቀረ ማለት ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ባለ ቤዝ

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየጊዜው የባንዱ አባላት የነበሩት ኖቢ ክላርክ፣ ኢያን ሚቸልና ፓት መግሊንስ? እነሱም በሸክላ ላይ አሉ።

ሕግ አዋቂው

ትክክል ነው፤ የባንዱ አባል የነበረው ሰው ብዛት ራሱ ችግሩን አባብሶታል። ተከፋዮቹ እርስ በርሳቸው በድርሻ ካልተስማሙ፣ ከፋዩ «ለማን ልክፈል?» ብሎ ገንዘቡን ይዞ ለመቆየት ምክንያት ያገኛል። አባላትን እንደ ልብስ የሚቀያይር ማናጀር ሳያስበውም ቢሆን ለአሳታሚው ትልቅ ውለታ ውሎለታል።

የማታ አድማጭ

ማናጀሩን በስሙ ሳንጠራ ይህ ክር ሊሄድ አይገባም። ታም ፓተን ቀድሞ የራሱን የዳንስ ኦርኬስትራ ኤደንብራ ውስጥ ይመራ የነበረ ሰው ነው። ለጋዜጦች «ልጆቼ ወተት ነው የሚጠጡት፣ የሴት ጓደኛ የላቸውም» የሚል ታሪክ ይሸጥ ነበር። በ1982 በወንድ ልጆች ላይ በፈጸመው የብልግና ድርጊት ተፈርዶበት የሦስት ዓመት እስራት ተበይኖበታል፤ በ2009 ሞተ። ከቀድሞ የባንዱ አባላት አንዳንዶቹም በእሱ እጅ ከባድ በደል እንደደረሰባቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ የሮለርስን ታሪክ የገንዘብ ብዝበዛ ታሪክ ብቻ አድርጎ መጻፍ ጎደሎ ነው። ወጣቶቹ ከቤተሰባቸው ርቀው፣ ከሆቴል መውጣት ተከልክለው፣ ሲደክሙ እንክብል እየዋጡ ሲሠሩ፣ ከውጭ የሚያየው ሰው የሚያየው ፈገግታቸውን ነበር። ማኪዮን በኋላ ዓመታት ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር ስላደረገው ትግል በግልጽ ሲናገር ብዙ ጋዜጠኛ እንደ ቀልድ ነው የወሰደው። የአስቂኝ ሱሪ ባለቤት ሲያለቅስ ማን ያምነዋል?

ሪትም

ስለ ሙዚቃዊ ውርሳቸው አንድም ሰው አለመጻፉ ገርሞኛል። የኒው ዮርኮቹ ራሞንስ «ብሊትስክሪግ ባፕ»ን ሲሠሩ «ሄይ ሆ፣ ሌትስ ጎ» የሚለውን ጩኸት ያሰቡት «ሳተርዴይ ናይት»ን ሰምተው፣ እነሱም እንዲህ ያለ የጋራ ጩኸት እንዲኖራቸው ፈልገው እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። ፐንክ የሚባለውን ሙዚቃ የሚያፈቅር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ጩኸት አባቱ ኮረዶች የሚጮኹለት የኤደንብራ ባንድ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኒክ ሎው ደግሞ በ1975 ከአሳታሚው ውል ለመውጣት ሆን ብሎ መጥፎ ዘፈን ልሥራ ብሎ፣ ታርታን ሆርድ በሚል የሐሰት ስም ሮለርስን የሚያወድስ ዜማ ቀዳ። ዘፈኑ ጃፓን ውስጥ ተወደደለትና አሳታሚው ሌላ ጨምር አለው። የሮለርስን ስም ለማፌዝ የተጠቀመበት ሰው እንኳ ከስሙ ኃይል አላመለጠም።

ከኤደንብራ

ሚጅ ዩርም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ሸክላ ሰብሳቢ

ከባንዱ አይደለም፤ ከዘፈን ጸሐፊዎቹ ቤት ነው። ማርቲንና ኮልተር ከሮለርስ ከተለያዩ በኋላ ሌላ የስኮትላንድ ባንድ ያዙ፤ ስሙ ስሊክ፣ ድምፃዊውና ጊታሪስቱ ከግላስጎው አጠገብ ከምትገኘው ካምበስላንግ የመጣው ሚጅ ዩር ነበር። «ፎርኤቨር ኤንድ ኤቨር» በየካቲት 1976 በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። ዩር ግን በዚያ መንገድ ብዙ አልቆየም፤ በ1977 የፐንክ ባንዱ የሴክስ ፒስቶልስ የቀድሞ አባል ግሌን ማትሎክ ወደ መሠረተው ሪች ኪድስ የተባለ ባንድ ገባ፣ በኋላም አልትራቮክስ ወደሚባለው ባንድ ተሻገረ። ከሮለርስ የሚለየው፣ ከተሠራለት ዘፈን ወጥቶ ስቱዲዮውን ራሱ መምራት መማሩ ነው።

ለእኛ ታሪኩ እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። በኅዳር 1984፣ በእኛ አቆጣጠር በ1977፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት፣ ዩር ከአየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ጋር የባንድ ኤድን የዕርዳታ ዘፈን ጻፈ፤ ሙዚቃውንም ፕሮዲውስ ያደረገው እሱ ነው። በቀጣዩ ሐምሌ በተደረገው ላይቭ ኤድ የዕርዳታ ኮንሰርት ዩር ከአልትራቮክስ ጋር በለንደን ዌምብሌ ሲጫወት፣ ሌሎቹ የግላስጎው ልጆች ሲምፕል ማይንድስ ፊላደልፊያ ላይ ነበሩ።

የማታ አድማጭ

የዚያ ዘፈን ግጥም ኢትዮጵያውያንን ያስከፋ እንደነበርም አብሮ ይጻፍ። በዓለም ከቀደሙት የክርስትና አገሮች አንዷን «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ደግሞም ወንዝ የማይፈስባት ምድር አድርጎ መሣል፣ ዓባይ የሚነሣባትን አገር ለሚያውቅ ሰው ይከብዳል። የዕርዳታውን ቅንነት አልክድም፤ የግጥሙን ግን አልምረውም።

ሕግ አዋቂው

በግጥሙ እስማማለሁ። ለርእሳችን ግን የሚጠቅመው ሌላው ጎኑ ነው፦ የዚያ ዘፈን ገቢ ባንድ ኤድ ትረስት ለሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሄደው፤ መብቱ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ተለይቶ ስለተቀመጠ ከአርባ ዓመት በኋላም ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይታወቃል። በዚያው ዓመት ሌስ ማኪዮን «ባይ ባይ ቤቢ» ስንት እንዳስገባ ቢጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም። አስቸጋሪው ሒሳቡ ሳይሆን ሒሳቡን የመያዝ ፈቃድ ነው።

ከኤደንብራ

ከአምስቱ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። አለን ሎንግሚዩር በ2018፣ ሌስ ማኪዮን በሚያዝያ 2021 አረፉ፤ በ1976 በአሥራ ሰባት ዓመቱ አለንን የተካው የሰሜን አየርላንዱ ኢያን ሚቸልም በ2020 ሞቷል። አለን ከዝናው በኋላ ወደ ቧንቧ ሥራው ተመልሶ እንደነበር ስሰማ አላዘንኩም፤ እጁ ላይ ያለው ሙያ ከማንም ውል በላይ ታማኝ ሆኖለታል። በ2015 መጨረሻ እሱ፣ ማኪዮንና ዉድ በግላስጎው ባሮውላንድ አዳራሽ ዳግም ሲሰባሰቡ ትኬቱ ወዲያው አልቆ ነበር። ዉድ እስካሁን በባንዱ ስም ይጫወታል።

ሪትም

ሙዚቃቸውን ጨርሶ ላልሰማ ሰው ከየትኛው አልበም ይጀምር ትላላችሁ?

ባለ ቤዝ

እኔ «ዴዲኬሽን»ን እመርጣለሁ፤ የ1976 ሥራ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ጂሚ አየነር ሲሆን ባንዱ ከልጆች ጩኸት ወደ ጊታር ፖፕ ለመሻገር ሲጥር ይሰማል። ሲያዳምጡት ግን የርእሱን ዘፈን በጥንቃቄ ይስሙት። በአልበሙ ላይ የሚዘፍነው ኢያን ሚቸል ነው፤ እሱ በወራት ውስጥ ከባንዱ ሲወጣ ለነጠላ ዜማው የማኪዮን ድምፅ በቦታው ገባ። «ሳተርዴይ ናይት»ም መጀመሪያ በ1973 በክላርክ ድምፅ ወጥቶ ማንም አልገዛውም፤ አሜሪካን የገዛው በማኪዮን ድምፅ እንደገና የተቀዳው ነው። «ሪመምበር»ም እንዲሁ ከክላርክ ወደ ማኪዮን ተላልፏል። ስለዚህ ሸክላ ሰብሳቢ ከላይ «ፊታቸው ብቻ» ያሉትን እኔ ስለ መሣሪያው ብከራከርበትም፣ ስለ ድምፁ ግን እቀበለዋለሁ፤ ሦስቱንም ዘፈኖች በሁለቱም ድምፅ የያዘ ሰው ካለ እዚህ ቢያካፍለን ልዩነቱን በጆሯችን መመዘን እንችላለን።

ሸክላ ሰብሳቢ

የ1973ቱ የክላርክ «ሳተርዴይ ናይት» ሸክላው አለኝ። ከማኪዮኑ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የፊደል ጩኸቱም የኳስ ሜዳውን ኃይል ገና አላገኘም። ሰሞኑን ቀድቼ እለጥፈዋለሁ።